3018 ሲኤንሲ ራውተር ጎንደር ላይ፦ የ500 ዋት ስህተቴና ሸውራራው መልአክ

ይቺን 3018 የምትባለውን ትንሽ ሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር እየታዘዘች እንጨት የምትፈለፍል ማሽን) ከገዛሁ ዓመት ከመንፈቅ አለፈኝ፣ አሁን ስለሷ ባወራ የሚያሳፍረኝ አይመስለኝም። ዘመድ ከዱባይ በሻንጣ ነው ያመጣልኝ፣ ብትንትኗ ወጥቶ ነው የመጣችው፣ አዘዞ ቤታችን ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሁለት ማታ ፈጅቶብኝ ገጠምኳት። ስሟ ልኳ ነው፣ 300 ሚሊ በ180 ሚሊ፣ ወደ ታች ደሞ 45 ሚሊ አካባቢ ትወርዳለች፣ ስለዚህ በር ልፈልፍልባት ያለ ሰው ከወዲሁ ይተዋት። ለስም ሰሌዳ፣ ለረከቦት ጌጥ፣ ለትንሽ መስቀል ግን ትበቃለች።

ጥሩ ጎኗን ላስቀድም፣ የአሉሚኒየም ፍሬሟ ቀጥ ያለ ነው፣ ቦርዷ ላይ ጂአርቢኤል (ሞተሮቹን የሚያዘው ሶፍትዌር) ተጭኖላት ነው የምትመጣው፣ ላፕቶፕህ ላይ ካንድል የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍተህ በዩኤስቢ ትሰካታለህ፣ አለቀ። ዋንዛ ላይ ግማሽ ግማሽ ሚሊ እየወረድክ ካስኬድካት ቆንጆ ነው የምትቆርጠው። ወይራ ላይ ግን እንጃ፣ ትጮሃለች፣ እንጨቱም ይጠቁርና ክፍሉ ጭስ ጭስ ይሸታል።

ችግሯ ስፒንድሉን፣ ማለትም መቁረጫውን የሚያዞረውን ሞተር፣ የያዘው ፕላስቲክ ነው። ሞተሩን በአንድ ጣት ገፋ አድርጉት፣ ሲሄድ በአይናችሁ ታዩታላችሁ። እኔ ይሄን እያየሁ ምን አደረኩ መሰላችሁ፣ "አቅም ነው ያነሳት" ብዬ 500 ዋት ስፒንድል አስመጣሁ 😅 ብሩም ሄደ፣ ነገርየው ደሞ ከድሮው የባሰ ሆነ፣ ምክንያቱም አዲሱ አብሯት ከመጣው 775 ከሚባለው የድሮ ሞተር በጣም ይከብዳል፣ ያ ክብደት በሙሉ እዛው ፕላስቲክ ላይ ተንጠለጠለ፣ ቢቱ (መቁረጫው) እንጨት በነካ ቁጥር እንደ ብርድ ሰው ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ የተቆረጠው ጠርዝ ላይ በጣት የሚዳሰስ መስመር መስመር ይተው ነበር። መጀመሪያ መቀየር የነበረበት መያዣው ነው፣ ሞተሩ ኋላ ይደርሳል። መጨረሻ ላይ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ከሚሰሩ ልጆች ወፍራም ቁራጭ ለምኜ በድሪልና በሞረድ መያዣ ሰራሁለት፣ ማሽኗን የሚያንቀሳቅሰው ባለጥርስ ዘንግ ላይ ያለውን ነት ደሞ ስፕሪንግ ባለው ነሐስ ቀየርኩት፣ ያኔ ነው 500 ዋቱ 500 ዋት የሆነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ መብራት። ለእህቴ ሰርግ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ካሉት ፊቶች አይነት አንድ መልአክ በዋንዛ ልፈለፍልላት አስቤ ዲዛይኑን ራሴ ኢንክስኬፕ በሚባለው የስዕል ፕሮግራም ላይ ሳልኩት፣ ስራው ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ ሁለቱን ጨርሼ ቡና ልጠጣ ወጣ ስል መብራት ድርግም። ቢቱ እንጨቱ ውስጥ እንደተሰካ ቀረ። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ምንም እንዳልተፈጠረ በርቷል፣ ማሽኗ ግን የት እንደነበረች ረሳችው፣ መብራት ሲመጣ ያለችበትን ቦታ ዜሮ ብላ ነው የምትነሳው። በአይኔ ገምቼ መለስኳትና አስቀጠልኩ፣ ለካ 2 ሚሊ ስቻለሁ። የአንዱ አይን ብሌን ወደ ጆሮው ሄደ። እማዬ አየችውና "ይሄ ደሞ ወዴት ነው የሚያየው?" አለች፣ እስካሁን ሸውራራው እየተባለ ይጠራል።

መፍትሄው ርካሽ ነው፣ ስፒንድሉ ላይ ካፈሰስኩት ብር ጋር ባወዳድረው ያናድደኛል። ሦስት ሊሚት ስዊች (ጥግ ስትደርስ የምትጫናቸው ትንንሽ ቁልፎች) ማስገባት፣ ጂአርቢኤል ላይ 22 ቁጥሩን ሴቲንግ 1 ማድረግ፣ ከዛ ሆም ስትላት ራሷ ጥግ ድረስ ሄዳ ስዊቹን ነክታ ቦታዋን ታውቃለች። ግን እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ፣ እኔ የያዝኩት ካንድል ዜሮ በተኑን ስትጫን ዜሮውን (የስራውን መነሻ ነጥብ) የሚይዘው ጂ92 በሚባል ትዕዛዝ ነው፣ ጂ92 ደሞ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በእጅህ ጂ10 ኤል20 ፒ1 ኤክስ0 ዋይ0 ብለህ ብትፅፍ ግን ቦርዱ ሚሞሪ ውስጥ ይቀመጣል፣ መብራት ሲመለስ ሆም ብለህ እዛው ዜሮህ ላይ ትመጣለህ። እኔ ከዛ ፋይሉን ከመጀመሪያው ነው የማስነሳው፣ የተቆረጠውን ቦታ በባዶው ትዞረዋለች፣ ጊዜ ይበላል ግን ልብ ያሳርፋል። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲያበራ ደሞ ቮልቴጁ ስለሚወርድ ትልቅ ስራ ጠዋት ነው የምጀምረው።

አንዴ ደሞ ቦርዱን ቀይሬ 100 ሚሊ ሂጂ ስላት 62.5 ላይ ቆመች፣ ተበላሸች ብዬ ግማሽ ቀን ብሎን ሳጠብቅ ዋልኩ። ለካ አዲሱ ጂአርቢኤል ሲጫን በአንድ ሚሊ 250 ስቴፕ (የሞተር እርምጃ) ብሎ ነው የሚመጣው። ማሽኗን የሚያንቀሳቅሰው የኔ ሞተር በአንድ ዙር 200 ስቴፕ ነው፣ ድራይቨሩ (ሞተሩን የሚነዳው ቺፕ) እያንዳንዱን ለ16 ይከፍለዋል፣ 3200፣ ዘንጉ ደሞ በአንድ ዙር 8 ሚሊ ነው የሚገፋው፣ ስለዚህ 400 መሆን አለበት። ከመፍታታችሁ በፊት ማስመሪያ ያዙ።

ትገዛ ወይ ላላችሁኝ፣ አዎ፣ ግን ብሩን መጀመሪያ ስዊችና የብረት መያዣ ላይ አውሉት። አቧራውን እስካሁን አላሸነፍኩትም፣ የዋንዛ ብናኝ ላፕቶፑ ኪቦርድ ውስጥ ገብቶ ሁለት ፊደል አይሰራልኝም። የድሮውን 775 ሞተር የሚፈልግ ካለ ደሞ እኔ ጋ ተቀምጧል፣ ካርቦኑ ትንሽ አልቋል እንጂ ይዞራል።