ማካሮቭ ሽጉጥ ለባዶ ምላጭ ልምምድ ምን ያህል ይበቃል?

ጥይት ሳይጎርስ ምላጭ መሳብ ሽጉጥን ያበላሻል የሚለው ስጋት በጎንደር የመሣሪያ ባለቤቶች ዘንድ የቆየ ነው። ፈቃድ አውጥተው ማካሮቭ ለያዙ ግን ስጋቱ የተጋነነ ይመስለኛል።

በፈረንጆች 1951 የሶቪየት ጦር የተቀበለው ይህ ሽጉጥ አሠራሩ ቀላል ነው፤ መቺ መርፌው ስፕሪንግ የሌለውና እንደ ልቡ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚመላለስ ሲሆን፣ ከቦታው እንዳይወጣ የሚይዘው የሴፍቲው ወፍራም ዘንግ ነው። ሲዜድ 75 ቢ የተባለው የቼክ ሽጉጥ መርፌ ግን በቀጭን ፒን ስለሚያዝ ባዶ ምላጭ ሲደጋገምበት ፒኑ ሊሰበር ይችላል። ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ባለ .22 ሽጉጥ ነው፤ መርፌው የቀለሁን ጠርዝ እንዲመታ የተሠራ በመሆኑ ጥይት በሌለበት ብረት ከብረት ሊጋጭ ይችላልና።

ለልምምድ ማካሮቭን የምመርጠው በመዶሻው ምክንያት ነው። ከእያንዳንዱ ስበት በኋላ ሽጉጡን እንደገና ማቀባበል ሳያስፈልግ መዶሻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ መሳብ ይበቃል፤ የውጭ መዶሻ የሌለው ግሎክ የተባለው ሽጉጥ ይህን አይፈቅድም። በሽጉጡ ጀርባ ላይ የ1 ብር ሳንቲም አስቀምጦ ሳይወድቅ ምላጭ መሳብ የእጅን መንቀጥቀጥ ወዲያው ያጋልጣል። መዶሻው ሳይነሳ የሚሳበው ምላጭ ግን ረጅምና ከባድ ነው፤ ሳንቲሙም አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።

ዋናው አደጋ ያለው ከመሣሪያው ይልቅ በቤቱ ውስጥ ነው። ማካሮቭ ካዝናው ቢወጣም ጥይት ከጎረሰ ይተኩሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ካዝናው መውጣት፣ ቀጥሎ ሽጉጡ መቀባበል፣ ከዚያም የጥይት መጉረሻው በዓይንም በጣትም መፈተሽ አለበት፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ከካዝናው የወጣ ሌላ ጥይት ይጎርሳል። ጥይቱ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። አፈሙዙ የሚዞርበት ግድግዳም ይታሰብበት፤ የጭቃ ግድግዳ ጥይት አያቆምም፣ ከወዲያ ደግሞ የጎረቤት መኝታ ሊሆን ይችላል። በአሸዋ የተሞላ ጆንያ ፊት ለፊት ማቆም ብዙ ወጪ የለውም።

መርፌውን ይበልጥ ለማሳረፍ የልምምድ አስመሳይ ጥይት የሚገዛ ሰው የማካሮቭ ጥይት መጠን የሆነው 9×18 መሆኑን ያረጋግጥ፤ በብዛት የሚገኘው 9×19 ረዘም ስለሚል በማካሮቭ አይገባም። አስመሳዩ ከእውነተኛው ጋር በአንድ ኪስ ወይም በአንድ ሣጥን ፈጽሞ መቀመጥ የለበትም።

ይህ ልምምድ ዓይንና ጣትን ያስተካክላል እንጂ ሽጉጡ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታበትን ጉልበት አያስለምድም፤ ለዚያ የተፈቀደ የተኩስ ሜዳ ያስፈልጋል።