ጓሮ ወይስ ማዳበሪያ ከረጢት?

የማንጎ ወቅት ሲገባ ባሕር ዳር ቆሻሻው ይከብዳል። እኛ ቤት ልጣጩም፣ የቡናው አተላም፣ ፌስታሉም አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ይታጨቅ ነበር። ለሰብሳቢዎች መስጠት ቀላል ነው፤ በር ላይ ማውጣት ብቻ። ግን ከዘገዩ በዚህ ሙቀት በሁለት ቀን ይሸታል፤ ዝንቡስ አይጣል ነው። ዝናብ ከቀደማቸው ደግሞ ፌስታሉ በቦዩ አድርጎ ወደ ጣና።

አሁን እርጥቡን ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ እጨምራለሁ። ልጣጭ፣ ደረቅ ቅጠል፣ ከላይ አፈር። በየሳምንቱ ይገለበጣል። ሥራ አለው፣ አልዋሽም። ሥጋ ከገባበት የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ይጠራል። ከሦስት ወር በኋላ ግን ጥቁር፣ ዝናብ የነካው አፈር የሚሸት ብስባሽ አውጥቼ ጎመኑ ሥር ነሰነስሁ።

ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ከረጢቱ ይሻላል። ጓሮ ላለው ግን ጉድጓዱን እመርጣለሁ። ሃይላንዱን ለይቼ ለቆራሌው።