ሁለቴ በር ለዘጋሁባት ሲስተር

ልጄ ትናንት 6 ወር ሞላው። ዛሬ የመጀመሪያ ገንፎውን ቀመሰ፣ ግማሹ አገጩ ላይ ቀረ። በአራስነቱ ጡጦ ካስተውነው ወዲህ እስከ ትናንት ድረስ ከጡት ወተት ሌላ ውሃ እንኳ ቀምሶ አያውቅም። ጎበዝ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። የወረዳችን የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የሆነች አንዲት ሲስተር ናት ለዚህ ያበቃችን። ስሟን ልጽፍ ስጠይቃት "ተይ ባክሽ፣ ሥራዬ ነው" አለችኝ። ስለዚህ ስሟ ይቅርና ሥራዋን ላውራ።

እርጉዝ እያለሁ ሁለቴ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ አንኳኩታለች፣ ቦርሳ አንግታ መዝገብ ይዛ። አንዴ "አሁን አይመቸኝም" ብዬ መለስኳት። በሁለተኛው ጭራሽ ድምፄን አጥፍቼ ተቀመጥኩ። መዋጮ መስሎኝ ነው (ኮንዶሚኒየም የኖረ ይረዳኛል)።

የወለድኩት ሌላ ቦታ ነው፣ የት እንደሆነ ይቅር። ማታ ልጁ ሲያለቅስ "ወተትሽ ገና አልመጣም" ተባልኩና ጡጦ ሰጡት። ቤት ስንገባ ጡጦውን ለምዶታል፣ ጡቴን ሳቀርብለት ፊቱን ያዞራል። በአራተኛው ቀን ጡቴ ድንጋይ ሆነ። ጫፉም ተሰነጣጠቀ፣ ልጁ በያዘው ቁጥር ጥርሴን ነክሼ እግሬን ወለሉ ላይ እደበድባለሁ። ቤቱ ደግሞ በአራስ ጠያቂ ሞልቷል፤ አንዷ አብሽ ጠጪ ትላለች፣ ሌላዋ የቆርቆሮ ወተት ምን አለው እኛም አሳድገንበታል ትላለች፣ እናቴ ሆዱ እንዲለሰልስ ትንሽ ቅቤ ላውጠው ብላ ማንኪያ ይዛ ቆማለች፣ እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ።

በአምስተኛው ቀን ያቺው ሴትዮ አንኳኳች። እህቴ ከፈተችላት። እጇን ታጠበችና ልጁን ከማየቷ በፊት "የኔ እናት፣ ዛሬ በልተሻል?" አለችኝ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም የሚጠይቀው ልጁ ጠባ ወይ ብሎ ነበር።

ከዚያ ጀርባዬን በትራስ አስደገፈችኝ። ያጠፋሁት ልጁ ላይ ማጎንበሴ ነበር። "ልጁን ወደ ጡትሽ አምጪው እንጂ ጡትሽን ወደ ልጁ አትውሰጂ" አለችኝ። ሆዱ ሆዴን ነካ። የጠጠረው ጡት ለስለስ እንዲል መጀመሪያ ትንሽ ወተት በእጅ አለብን። ልጁ አፉን በሰፊው እስኪከፍት ጠበቅን፣ ሲከፍት ጫፉን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ያለውን ጥቁሩን ክፍል ጭምር ያዘ፣ አገጩ ጡቴ ላይ ተለጠፈ። በሦስተኛው ሙከራ ሲውጥ ድምፁ ተሰማኝ። ሕመሙ ያን ቀን አልጠፋም፣ ግን እግሬን መደብደብ አቆምኩ።

"አልመጣም" የተባልኩት ወተት እንገሩ እንደነበር ያወቅኩት ከእሷ ነው። እንገር መጠኑ ትንሽ ነው፣ የሕፃኑም ሆድ ገና ትንሽ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጊዜ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃዋል። ከበሽታ የሚከላከለው ነገር የታጨቀው ደግሞ እሱ ላይ ነው። ይህን ስሰማ በጣም ነው የተናደድኩት።

እናቴን የያዘችበት መንገድ ደግሞ ለብቻው ይመሰገናል። "እማማ፣ ስንት ወለዱ?" አለቻት። "አምስት።" "ሁሉንም በጡት?" "ታዲያ በምን ላሳድግ?" "እንግዲህ ከእርስዎ የበለጠ አስተማሪ ከየት ታመጣለች? ቅቤውን የእሷ ገንፎ ላይ ያድርጉላት።" እናቴ ማንኪያውን ይዛ ወደ ማድ ቤት ገባች፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ጡጦ ያነሳን ሰው የምትቆጣው እሷ ናት።

ጡጦውን ቀስ በቀስ ለመተው ሳምንት ፈጀብን። በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ አጥቢው፣ የሌሊቱን አትዝለይ፣ ወተት የሚጨምረው ልጁ በጠባ ቁጥር ነው አለችኝ። ወተቱ መብቃቱን በለቅሶው ሳይሆን በዳይፐሩ እይው፣ በቀን 6 እና ከዚያ በላይ ካረጠበ ይበቃዋል አለች። ክብደቱን ጤና ጣቢያ እየወሰድኩ አስመዘንኩ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 ቀን ነው። የሚመከረው ጡት ብቻ ማጥባት 6 ወር። መሃሉን ማን ይሙላው? ለአባት 3 ቀን ነው፣ የባለቤቴ እዚያው የወለድኩበት ቦታ አለቀ። ሲስተር ሥራ ከመመለሴ በፊት በእጅ ማለብ አስተማረችኝ። የታለበው ወተት ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን፣ መብራት ሄዶ ፍሪጅ ካልገባ ደግሞ ከታለበ ጀምሮ ቤት ውስጥ ቢበዛ ለ4 ሰዓት ያህል ይቆያል፣ በሙቅ ውሃ ውስጥ ይሞቃል እንጂ አይፈላም። እናቴ በተቀቀለ ሲኒ ታጠጣዋለች። መሥሪያ ቤት የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ጠየቅኩ፣ ሰጡኝ። ሌሊት ልጁን የሚያስገሳውና ውሃ የሚያቀብለኝ ባለቤቴ ነው፣ ይህንንም ያዘዘችው እሷ ናት።

አራስ ያለባችሁ፣ ወይም ልትወልዱ የደረሳችሁ፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ የወረዳችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ "የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማናት?" በሉ። ቤት ድረስ ይመጣሉ። በነፃ ነው። ጡቱ ከቀላና ትኩሳት ካላችሁ ግን እሷን አትጠብቁ፣ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ገንፎ መጀመሩን ደውዬ ነገርኳት። "ደስ ይላል፣ ጡቱን ግን እንዳታቆሚ፣ 2 ዓመት ድረስና ከዚያም በላይ ነው" አለች። ማክሰኞ ትመጣለች። ቡና አፈላላታለሁ፣ እስካሁን አንዴም ጠጥታልኝ አታውቅም፣ ሁሌ ገና የምታንኳኳው በር አላት።