ቁልቢ ደርሶ መልስ፦ በታኅሣሥ ገብርኤል የተገለገልሁባቸው

የምኖረው ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው። ታኅሣሥ 19 የሚነግሠው የቁልቢ ገብርኤል በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 28 ስለሚውል፣ የመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠብቀን አገር ለምንገባ ሰዎች ከገና ይልቅ እርሱ ይመቸናል፤ ገና ሲደርስ ብዙዎቻችን ወደ ሥራ ተመልሰናል። ሆኖም ጳጉሜን ስድስት ሆና ባለፈች ማግስት በሚጀምረው ዓመት በዓሉ ዲሴምበር 29 ላይ ስለሚያርፍ፣ ቲኬት ከመቁረጥ በፊት የአገራችንን የቀን መቁጠሪያ ማየት ያስፈልጋል።

ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ አንድ ሰዓት ገደማ በረርን። ቲኬቱን የቆረጥሁት ከሁለት ወር በፊት ነበር፤ አውሮፕላኑም ነጠላ በለበሰ ሰው ሞልቶ ነበር። እናቴ የተሳለችውን ምንጣፍ ጠቅልዬ ይዤ ስለነበር ሻንጣ መዛኟ በጥንቃቄ አሳስራ፣ እንዳይረጥብ በላስቲክ አስጠቅልላ ተቀበለችኝ። ድሬዳዋ ያረፍሁበት ሆቴል ግን አሳዝኖኛል። በስልክ የያዝሁትን ክፍል ለሌላ ሰው ሰጥተው፣ ለጠባቡ ክፍል ከተነጋገርነው ዋጋ ግማሹን ያህል ጨመሩብኝ። በንግሥ ሰሞን ቀብድ ከፍሎ ደረሰኝ ያልያዘ እንግዳ መሟገቻ የለውም።

ከሁሉ በላይ ማመስገን የምሻው ሚኒባስ የነዳልንን ሾፌር ነው። ቁልቢ ከድሬዳዋ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ መንገዱ ደንገጎ እስኪደርስ ድረስ ጠመዝማዛ ዳገት ሲሆን፣ ከዚያ በስተግራ ወደ ሐረር፣ በስተቀኝ ወደ ቁልቢ ይለያል። በዋዜማው ሌሊት የመንገዱ ዳር በእግረኛ ተሞልቶ፣ ከእነርሱም አንዳንዱ ለስለቱ ድንጋይ ተሸክሞ ይጓዝ ነበር። ሾፌራችን ረጅሙን መብራት አጥፍቶ ቀስ ብሎ ነዳ፤ ደክሟቸው የተቀመጡ ሁለት እናቶችንም ያለ ሒሳብ ጫነልን። የተዋዋልነው በደርሶ መልስ ሲሆን ግማሹን ስንነሣ፣ ግማሹን ስንመለስ ከፈልን። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ሲበተን ለመሄጃ ብቻ የተዋዋሉ ሰዎች የመጡበትን ዋጋ ሦስት እጥፍ ሲጠየቁ፣ አንዳንዶቹም ልጅ ታቅፈው መንገድ ዳር ሲያመሹ ስላየሁ ነው።

ወቅቱ ጾመ ነቢያት በመሆኑ የበላነው ሽሮና ምስር ነው፤ በድንኳን ውስጥ ያቀረቡልን ሴቶች ትኩስ አድርገው፣ ዋጋውን አስቀድመው ተናግረው ነው። ድሬዳዋን በሙቀቷ የሚያውቅ ሰው የቁልቢን ብርድ አይገምተውም፤ ያለ ጋቢ ማደር አይቻልም። መጸዳጃ ቤት ግን እጅግ ጥቂት ነበር። አብራኝ የነበረችው እኅቴ ከአንድ ሰዓት በላይ ተሰልፋለች፤ ነፍሰ ጡሮችና አሮጊቶችም በዚያው ሰልፍ ላይ ቆመው ነበር። ቀኑ በየዓመቱ የታወቀ፣ ስለት የሚያስገባውም ሕዝብ ብዙ ሆኖ ሳለ፣ ለበዓሉ ብቻ የሚተከል ጊዜያዊ መጸዳጃና የውኃ ቦቴ ሊታሰብበት ይገባል።

የስለት መቀበያው ረጅም ሰልፍ ቢኖረውም ሥርዓት ነበረው። ምንጣፉን የተረከቡኝ አባት የእናቴን ክርስትና ስም ጠይቀው መዝገብ ላይ አሰፈሩ፤ ደረሰኙንም ቆርጠው ሰጡኝ። ደረሰኙን አጥፌ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁት፤ አዲስ አበባ ስመለስ ለእናቴ በእጇ ሰጠኋት።