ትምህርት ቤት ሲዋሃድ፦ የመንግሥት መምህር እና የግል መምህር በጅማ

የጅማ የመንግሥት መምህር የሚተዳደረው በክልሉ ሕግ ነው። መዋቅር ሲቀየር ዋናው ስጋት ድልድሉ፣ ማለትም ሠራተኞች ተወዳድረው በአዲሱ መዋቅር የሚመደቡበት ሂደት ነው፤ የትምህርት ማስረጃው ከግል ማኅደሩ ከጎደለ በውድድሩ ሊጎዳ ይችላል። ማኅደርን አስቀድሞ ማየት፣ ቅሬታንም በጽሑፍ አቅርቦ ቅጂውን ማስቀረት ይበጃል።

የግሉ መምህር በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይዳኛል። ትምህርት ቤቱ ቢሸጥ ወይም ቢዋሃድ የሥራ ውሉ አይቋረጥም። «አዲስ ውል ፈርሙ» ከተባለ ግን ነባሩ አገልግሎት መጻፉን ሳያዩ መፈረም አደገኛ ነው። የሠራተኛ ቅነሳ ከመጣ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ አለ፤ የስንብት ክፍያውም ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ (ጣሪያው 12 ወር)፣ በላዩም የ60 ቀን ደመወዝ ነው። በወረቀት ላይ የግሉ ይሻላል፤ ክስ ማቅረቢያ ጊዜው ግን አጭር ነው፦ ወደ ሥራ ለመመለስ 3 ወር፣ ለክፍያ 6 ወር። ካለፈ ይርጋ ነው፤ የመክሰስ መብቱ ይቀራል።