ሲፒኤል ፊልተር፦ በዝናብ ፏፏቴ ለሚያነሳ ሰው ከኤንዲ በፊት

ፏፏቴ ለማንሳት ዕቃ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ኤንዲ ፊልተር፣ ማለትም ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት ነው፤ ውሃው እንደ ሐር እንዲለሰልስለት። ጉዞው በዝናብ ከሆነና አንዱን ብቻ መግዛት ከተቻለ ግን ምክራችን ሲፒኤል (ሰርኩላር ፖላራይዘር) ነው፤ ሌንሱ ላይ ተገጥሞ ሲዞር ነጸብራቅን የሚቀንስ ፊልተር። እርጥብ ድንጋይና ቅጠል የደመናውን ነጭ ብርሃን ስለሚያንጸባርቁ የገዛ ቀለማቸው ከነጸብራቁ ሥር ይደበቃል። ሲፒኤል አብዛኛውን ነጸብራቅ ያነሳዋል፤ ድንጋዩ ይጠቁራል፣ ቅጠሉ አረንጓዴነቱ ይወጣል። ይህን በኋላ በኮምፒውተር ለማምጣት መሞከር ትርፉ ድካም ነው።

ፊልተሩ ከ1 እስከ 2 ስቶፕ ብርሃንም ይወስዳል (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው)፤ ለፏፏቴ ይህ ጥቅም ነው። በደመና ሥር፣ አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 እና ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን) 11 ላይ 1/8 ሴኮንድ ይበቃ የነበረው ቦታ፣ ስቶፕ ተኩል ሲቀንስ 1/3 ሴኮንድ ገደማ ይፈልጋል። በዚህ ፍጥነት ውሃው ይፈስሳል፣ ክሮቹም አይጠፉም። ብዙ ሴኮንድ ሲቆይ ግን ቅርጽ የሌለው ነጭ ነገር ብቻ ይቀራል። ፍጥነቱን ለማዘግየት ብሎ ቀዳዳውን አጥብቦ ወደ ኤፍ 22 መሄድ ምስሉን ያደበዝዛል፤ ያን ጊዜ ነው ኤንዲ የሚያስፈልገው።

አጠቃቀሙ ቀላል ቢመስልም ዓይን የት እንደሚያርፍ ወሳኝ ነው። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ሆኖ የፊተኛውን ቀለበት ቀስ እያላችሁ ስታዞሩ፣ የምትመለከቱት ውሃውን ሳይሆን ከጎኑ ያለውን እርጥብ ድንጋይ ይሁን። ብልጭታው ሲጠፋ አቁሙ። ከሥር የተኛ ኩሬ ካለ ትንሽ መልሱት፤ ነጸብራቁ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ኩሬው ጥቁር ጉድጓድ ይመስላል። ካሜራውን ከአግድም ወደ ቁም ስታዞሩ ማስተካከያው ይፈርሳልና እንደገና ማዞር ግድ ነው። በፍንጣቂው ላይ ቀስተ ደመና ከወጣ ደግሞ ተጠንቀቁ፦ ፊልተሩ በአንድ አቅጣጫ ጭራሹን ያጠፋዋል፣ 90 ዲግሪ ሲዞር ያደምቀዋል።

ድክመቶቹም አሉ። የሌንስ ከለላ ሲደረግ ቀለበቱን ለማዞር ጣት አይገባም፤ ከለላው ከወለቀ ጠብታው በቀጥታ መስታወቱ ላይ ነው። ስለዚህ ፊልተሩን አስተካክሉ፣ በደረቅ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ጥረጉ፣ ጃንጥላውን ከላይ ያዙ፣ ከዚያ በ2 ሴኮንድ ታይመር አንሱ። ውሃ የሚያንሸራትት ሽፋን ያለው ፊልተር እዚህ ላይ ዋጋው ይገባዋል። ሌላው ችግር መጣበቅ ነው፤ የአሉሚኒየም ቀለበት በሌንሱ ጥርስ ላይ ሲጠብቅ አልፈታ ይላል፣ የነሐስ ቀለበት የተሻለ ነው። ሲጣበቅ በሁለት ጣት ጨምቃችሁ አትታገሉት፤ ቀለበቱ ይጣመምና ይብስበታል። ዙሪያውን በሰፊ ላስቲክ ጠቅልሎ ሳይጫኑ ማዞር ይፈታዋል። ፊልተሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ማጠብም አይገባም፣ በመስታወቶቹ መካከል ያለው ስስ ሽፋን ከጠርዙ እርጥበት ከገባበት ይላቀቃል።

በሰፊ ሌንስ ላይ ኤንዲና ሲፒኤል ሲደራረቡ የምስሉ ማዕዘኖች ይጠቁራሉ፤ ቀጭን ቀለበት ያለውን ምረጡ። መጠኑን በትልቁ ሌንሳችሁ ልክ፣ ለምሳሌ 77 ሚሊ ሜትር፣ ግዙና ለትናንሾቹ ማስፊያ ቀለበት ጨምሩ፤ ለየሌንሱ ፊልተር ከመግዛት ይረክሳል።

ሱቅ ውስጥ ለመፈተን የኤልሲዲ ስክሪን በቂ ነው። ጥርስ ያለውን ጎን ወደ ዓይናችሁ አድርጋችሁ በፊልተሩ በኩል ስክሪኑን እያያችሁ አዙሩት፤ በአንድ ቦታ ላይ ሊጨልም ይገባል። ገልብጣችሁ ስታዩ የማይጨልም ከሆነ ሰርኩላር ነው። በሁለቱም ጎን የሚጨልመው ሊኒየር የሚባለው ሌላው የፖላራይዘር ዓይነት ስለሆነ የአንዳንድ ካሜራዎችን ፎከስና የብርሃን ልኬት ያሳስታል። በመኪና መስኮት በኩል ለማንሳት ግን የትኛውንም አውልቁ፤ የጎን መስታወቶች በብዛት በሙቀት የጠነከሩ ስለሆኑ ፊልተሩ ነጠብጣብና ቀለማም መስመር ያወጣባቸዋል።