ደመና ባለፈ ቁጥር «ቀጭ» የሚለው ቻርጀር፦ ከ11 ወራት በኋላ

ሻጩ ይህን የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር ሲያሳየኝ ደጋግሞ የነገረኝ «መኪናዎ በፀሐይ ብቻ ይሞላል» የሚለውን ነበር። ሐሰት አልነበረም፤ ሰማዩ በጠራ ቀን በእርግጥ ይሞላል፣ ስለዚያም ብዙ የምለው የለኝም። ያልነገረኝ ግን ፀሐይና ደመና በሚፈራረቁበት ቀን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሳጥን «ቀጭ» ብሎ እንደሚጀምር፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ «ቀጭ» ብሎ እንደሚያቆም፣ ይህንኑም እስኪመሽ እንደሚደጋግመው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ ብቆጥር 43 ጊዜ ደረሰ።

ዕቃው የተበላሸ መስሎኝ ነበር፤ አልተበላሸም። ቻርጀሩ መኪናው ስንት አምፔር መሳብ እንደሚችል የሚነግረው በ1 ኪሎኸርዝ ምልክት ሲሆን፣ አይኢሲ 61851 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ በዚህ ምልክት እንዲታዘዝ የሚፈቅደው ዝቅተኛ መጠን 6 አምፔር ነው። ከፀሐይ ፓነሎቹ ለመኪናው የሚተርፈው ኃይል ከዚያ ካነሰ መቀነስ አይቻልም፤ ማቆም ብቻ ነው። 6 አምፔር በ230 ቮልት በአንድ ፌዝ (ኤሌክትሪክ በሚያመጣ አንድ ገመድ) 1.4 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ እኔ የገዛሁት ግን ባለ ሦስት ፌዙን ስለሆነ መነሻው 4.1 ኪሎዋት ይሆናል። የጣሪያዬ ፓነሎች አቅም በጠቅላላው 6 ኪሎዋት ነው። ቤቱ የሚፈልገውን ወስዶ ለመኪናው የሚተርፈው ከ4.1 የሚበልጠው እኩለ ቀን አካባቢ ብቻ ሲሆን፣ ያንንም ስስ ደመና ይወስደዋል። «ሦስት ፌዝ ፈጣን ነው» ያለኝን ሻጭ ዛሬ ባገኘው፣ ፍጥነቱ የሚመጣው ከየትኛው ኤሌክትሪክ ነው ብዬ እጠይቀው ነበር። ከውጭው የኤሌክትሪክ መስመር ከሆነ በፀሐይ ስም ለምን ሸጡልኝ? «መመሪያው ላይ ተጽፏል» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ተጽፏል፤ ከገዙ በኋላ በሚከፈተው ካርቶን ውስጥ።

ከድምፁ ይልቅ ያሳሰበኝ በቤቱ ኤሌክትሪክ ላይ የሚያደርሰው ነው። ቻርጀሩ ቆሞ እንደገና ለመጀመር ሲጠባበቅ ደመናው ድንገት ከገለጠ፣ ፓነሎቹ የሚያመነጩት ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ መስመሩ ይወጣና ቮልቴጁን ከፍ ያደርገዋል፤ ሁለት ጊዜ ከ253 ቮልት አልፎ የፓነሎቹን ኃይል ቤቱ ወደሚጠቀምበት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ኢንቨርተር ራሱን አጥፍቷል። በተዋስኩት መለኪያ ደግሞ የኮረንቱ ሞገድ መዛባት በ16 አምፔር 4 በመቶ ገደማ ሲሆን በ6 አምፔር 11 በመቶ ሆኖ አገኘሁት፤ ዋናው ኮረንት ሲቀንስ የሚያዛባው ክፍል በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድርሻው ያድጋል። እዚህ ላይ ቻርጀሩን መውቀስ አይገባኝም፤ ተለዋዋጩን ኮረንት ወደ ቀጥተኛ የሚቀይረው ክፍል ያለው መኪናው ውስጥ ነው፣ የግድግዳው ሳጥን ፈቃድ ሰጪና ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ነው። ይህን ያወቅሁት ሳጥኑን ለወራት ስረግም ከቆየሁ በኋላ መሆኑን አልደብቅም።

በሰባተኛው ወር ባለሙያ ጠርቼ በአንድ ፌዝ ብቻ እንዲሠራ አስደረግሁት። ትርፉ ለ5 ደቂቃ ያህል ከ1.8 ኪሎዋት በላይ ካልቆየ እንዳይጀምር፣ ከጀመረም ትርፉ ለ10 ደቂቃ ካልጠፋ በስተቀር እንዳያቆም፣ በመካከል የሚጎድለውንም ከመስመሩ እንዲሞላ አስተካከልነው። አሁን ደመናማ በሆነ ቀን «ቀጭ» የሚለው ሦስት ወይም አራት ጊዜ ነው፤ ኢንቨርተሩም ከዚያ ወዲህ አልጠፋም። እንደገና የምገዛ ብሆን ባለ አንድ ፌዙን፣ ካልሆነም ፌዝ ራሱ የሚቀያይረውን እወስድ ነበር። የቀሩት ሁለት የፌዝ ገመዶች ጫፋቸው ተሸፍኖ ሳጥኑ ውስጥ ተጠቅልለዋል፤ ዋጋቸውን ግን ከፍያለሁ።